የዘር ምርመራ ዘማሪ ወፎችን ከሕገ ወጥ ንግድ ለማዳን

በደቡብ አሜሪካ፣ በአርጀንቲና ገጠር አንድ ትንሽ ወፍ በድምፁ ማማር ምክንያት ከትውልድ ጫካው እየጠፋ ይገኛል። ቢጫ ካርዲናል በመባል የሚታወቀው ይህ ወፍ እንደ ጉትያ ዶሮ በአናቱ ላይ ጥቁር ጉትያ ያለው ሲሆን፣ የወንዱ ዜማ እጅግ ተወዳጅ በመሆኑ ከረጅም ዘመን ጀምሮ እየተያዘ በሽቦ ቤት ውስጥ ለሚያኖሩት ሰዎች ሲሸጥ ቆይቷል። ዛሬ በዱር የቀሩት ለመራባት የደረሱት ወፎች ከ1,000 እስከ 2,000 ብቻ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከአርጀንቲና ሌላ በኡራጓይና በደቡብ ብራዚል ጥቂቶች ይገኛሉ።

ወፉ የሚኖርበት ምድር ለከብት ግጦሽ የሚያገለግል እሾሃማ ጫካ ነው። ከዛፎቹም መካከል አንዳንዶቹ በአፋር የግጦሹን መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን ያስቸገረው የፕሮሶፒስ ዛፍ ዘመዶች ናቸው። እኛ ዘንድ መጤ ሆኖ ያስመረረን የዛፍ ወገን እዚያ የአገሬው ባለቤት ሆኖ ወፍ ያሳድራል። ይህ ጫካ ለእርሻና ለማገዶ እየተመነጠረ መሄዱ ለወፉ መመናመን አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሁለተኛው ወጥመድ ነው።

አጠማመዱ ቀላል ነው። አዳኙ አስቀድሞ የተያዘ ወንድ ወፍ በሽቦ ቤት አድርጎ ጫካ ውስጥ ይሰቅላል። የታሰረው ሲዘምር የአካባቢው ባለቤት የሆነው ወንድ “ማን ነው ክልሌ የገባው?” ብሎ ለጠብ ይመጣል። ከታሰረው ወፍ አጠገብ ባለው ክፍት ክፍል ላይ እንዳረፈም መዝጊያው ይከደንበታል። ደፋሩና ድምፀ መልካሙ ቀድሞ ይያዛል። ወንድ ወንዱ እየተለቀመ ሲሄድ ሴቷ ያለ ጓደኛ ትቀራለች፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ጫካ ጫጩት አይኖርም። ጥቅሙም ቢሆን በአብዛኛው ለከተማው ነጋዴ እንጂ ለሚያጠምደው የገጠር ሰው አይደለም።

አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1981 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። በሕጉ መሠረት ተቆጣጣሪዎች ወፎቹን ከገበያና ከመንገድ ላይ ይወርሳሉ። ይሁን እንጂ ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። የተወረሰው ወፍ ወዴት ይመለስ? ነጋዴው ከየት እንዳመጣው አይናገርም፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ ነጋዴ የገዛው ስለሆነ ራሱም አያውቅም። ቀላሉ መንገድ ቅርብ ወዳለው ጫካ ወስዶ መልቀቅ ነው። ግን የደጋን የገብስ ዘር ቆላ ወስዶ የዘራ ገበሬ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ወፍም በተወለደበት አገር አየር፣ ምግብና በሽታ ተፈትኖ የኖረ ፍጥረት ነው።

የቦረና ከብት ከፎገራ ከብት በቁመናው ይለያል፤ ለዚህ ሐኪም መጥራት አያስፈልግም። የላ ፓምፓው ቢጫ ካርዲናል ከኮሪየንቴሱ ጋር ጎን ለጎን ቢቆም ግን በዓይን መለየት ያስቸግራል። የአርጀንቲና ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ልዩነቱን በደሙ ውስጥ አገኙት። በተለያዩ ቦታዎች ከሚኖሩ ወፎች ጥቂት ደም እየወሰዱ በውስጡ ያለውን የዘር ውርስ ማለትም ዲ.ኤን.ኤ. መረመሩ። ከእናት ብቻ የሚወረሰውንም ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰውንም ለየብቻ አነጻጸሩ። በዚህም የየአካባቢው ወፎች እርስ በርስ የሚለዩ ወገኖች መሆናቸው ታወቀ፤ ዜማቸውም ከቦታ ቦታ ልዩነት እንዳለው ተረጋገጠ። ከዚያም ከነጋዴዎች የተወረሱትን ወፎች ደም ከዚህ መዝገብ ጋር በማነጻጸር የትኛው አካባቢ ተወላጅ መሆናቸውን መለየት ተቻለ።

ጥቅሙ ወፉን ወደ አገሩ ከመመለስ ያለፈ ነው። የተወረሱት በርካታ ወፎች ከአንድ ክፍለ ሀገር የተያዙ መሆናቸው ከታወቀ፣ ዘረፋው የበረታው የት እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው፤ ጥቂት የሆኑት ጠባቂዎችም ወደዚያው ይላካሉ። “ይህ ወፍ እቤቴ የተፈለፈለ ነው” የሚል ነጋዴም ወላጆቹን አምጣ ቢባል፣ የእናትና የአባቱ ደም እውነቱን ያወጣል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዳኝ አሞሮችን ከዱር ሰርቀው “እኛው ያራባናቸው ናቸው” ያሉ ሰዎች በዚሁ ዘዴ በፍርድ ቤት ተረትተዋል።

ነገር ግን የምርመራውን አቅም ከልኩ በላይ አድርጎ ማየት አይገባም። አስቀድሞ ቦታው ከታወቀ ወፍ የተወሰደ ደም ከሌለ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል እያንዳንዱን የሰብል ዘር ከተሰበሰበበት ቦታ ጋር ይመዘግብ የነበረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የት እንደበቀለ የማይታወቅ ዘር ግማሽ ጥቅሙ ጠፍቷል። ከዚህም ሌላ ምርመራው ሰፊውን አካባቢ እንጂ ወፉ የተያዘበትን ዛፍ አይናገርም። የሚደርሰውም ከስርቆቱ በኋላ ነው። ላቦራቶሪው ከተማ፣ ወጥመዱ ገጠር ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የአርጀንቲናው ሥራ ደካማ ጎን ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽቦ ቤት ተሸክሞ ወደ ጫካው የሚገባውን እንግዳ ቀድሞ የሚያየው ከብት ጠባቂውና ባለ መሬቱ እንጂ ተመራማሪው አይደለም። ድሀውን አጥማጅ ብቻ ይዞ ገዢውንና አሻጋሪውን ነጋዴ መተውም ወጥመዱን ወደ ጎረቤት መንደር ከማዛወር በቀር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ወደ አገሩ የሚመለሰው ወፍም በአንድ ቀን አይለቀቅም። በሽታ ይዞ እንዳይሄድ በእንስሳት ሐኪሞች ይመረመራል፤ በእስራት የደከመ ክንፉ እንዲጠነክር በሰፊ የሽቦ ቤት ውስጥ መብረር ይለማመዳል፤ ተለይቶ እንዲታወቅም እግሩ ላይ ቀለበት ይደረግለታል። የመራቢያው ወራት በዚያ አገር ከጥቅምት ወር ገደማ ጀምሮ ነው። ወንዱ አብዝቶ የሚዘምረው በእነዚህ ወራት ሲሆን፣ አጥማጁም ወደ ጫካው የሚመጣው ያንን ድምፅ ተከትሎ ነው።