ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲዛወሩ የቆዩ ሰነዶች ጥንቃቄ ይሻሉ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ለማያሟሉ ነባር ኮምፒውተሮች ነፃው ሊኑክስ አንዱ አማራጭ ነው።

ሊኑክስ በዊንዶውስ የተዘጋጀ ፍላሽ ያነባል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ግን በቀጥታ አይጫኑበትም፤ ሊብሬኦፊስን የመሳሰሉ አቻዎቻቸው ከሊኑክሱ የሶፍትዌር ማከማቻ ይወሰዳሉ።

ትልቁ ሥጋት በሰነድ ላይ ነው። እንደ ጢቾ ባሉ የአርሲ ከተሞች በቁቤ የተጻፈ ማመልከቻ በላቲን ፊደል በመሆኑ ፊደሉ ሳይዛባ ይነበባል፤ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ የአማርኛ ሰነድ ግን ፎንቱ ካልተጫነ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስለሆነም ባለጉዳዮች ኮምፒውተሩ ከመቀየሩ አስቀድሞ ሰነዶቻቸውን በፒዲኤፍ ጭምር አስቀምጠው፣ ቅጂውን በፍላሽ ቢይዙ ይመከራል።