«እንኳን አብሮ አደረሰን» ተብላ የቀረችው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዷ አስቃኝ ስታበቃ አሳዘነችኝ፡፡

ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት፡፡ የሥራ ኮንትራቷ ጥቅምት 30 ያበቃል፤ ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው ደግሞ በዚህችው ደመወዝ ነው፡፡ በአዲስ ዓመት ሰሞን ለሥራ አስኪያጁ ኢሜይል ጻፈች፡፡ ርዕሱን «ሰላምታ» አለችው፡፡ አጀማመሯም፣ «በቅድሚያ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎት፤ መጪው ዘመን የሰላም፣ የጤናና የፍቅር እንዲሆንልዎ...» እያለ አራት መስመር ይሄዳል፡፡ የኮንትራቱ ነገር ያለው ከሥር ነው፡፡ ሰውየው በማግስቱ መለሱላት፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን፡፡» አለቀ! ከዚያ ወዲህ ዝም፡፡

«ንቀውኝ ነው ወይስ እምቢ ማለታቸው ነው?» ትለኛለች፡፡ እህቴ፣ እኔ እንደምጠረጥረው እስከ ታች አላነበቡትም፡፡ እስቲ ስልካቸውን አስቢው፡፡ ኢሜይል ሲገባ ሳይከፈት የሚታየው የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው፡፡ አንቺ ሁሉንም ለዘመን መለወጫ ሰጠሻቸው! በዚያ ሳምንት ስንት እንኳን አደረስዎ እንደሚጎርፍላቸው ደግሞ ገምቺ፡፡

ነገሩ የቆየ አመላችን ነው፡፡ ለዘመድ ስንጽፍ ገጹ የሚያልቀው «ለጤናህ እንደምን አለህ» ስንል ነው፡፡ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንኳ «ጉዳዩ፡-» ብሎ ከላይ አስምሮ ሲያበቃ፣ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ እንደገና ይጀምራል፡፡ ምን አደከመው?

እኔም ጻድቅ አይደለሁም፡፡ አንዴ ወንድም ሴትም የሚጠራበት ስም አይቼ «ክቡር አቶ» ብዬ ለአንዲት ኃላፊ ጽፌያለሁ፡፡ መልሷ «ወይዘሮ ነኝ» የሚል ብቻ ነበር፡፡ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካላወቅሁ ማዕረጉን ትቼ በ«እርስዎ» እገባለሁ፤ «እርስዎ» ወንድ ሴት አይለይም፡፡

ሰላምታውን ጭራሽ ተይው አልልሽም፤ ያለ ሰላምታ በሰው ላይ ዘሎ መግባት በኛ አገር ያስቀይማል፡፡ ግን ሁለት ቃል ይበቃል፡፡ ርዕሱን «የኮንትራት እድሳት ጥያቄ» በይው፡፡ ከዚያ፡- «ጤና ይስጥልኝ፡፡ የሥራ ኮንትራቴ ጥቅምት 30 ስለሚያበቃ እንዲታደስልኝ ለመጠየቅ ነው የጻፍኩት፡፡» ቀኑ ከፊት ይታይ፡፡ የሠራሽውን ከሥር በሁለት መስመር ዘርዝሪ፡፡ «ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ምን አጠፋሽ? «ባለፈው ጽፌልዎ ነበር፣ እርስዎ ግን...» የሚለውንም ዋጥ አድርጊው፤ ወቀሳ ሆኖ ይነበባል፣ ሰውየውም መልስ መስጠቱን ትተው ራሳቸውን መከላከል ይጀምራሉ፡፡

ነገ ጠዋት ላኪው፡፡ በሁለት ቀን መልስ ካልመጣ ተነሺና በራቸውን አንኳኪ፡፡ ቢሮአቸው ካንቺ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው ብለሽኝ የለ?