አውራዋ እናት ናት

ባለፈው እሑድ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋራ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ሆለታ ሄደን የንብ ማርቢያ ስፍራ ጎበኘን። አርቢው ሽማግሌ ቀፎውን ጥቂት አጢሰው ከፈቱና፥ «አውራዋ ይህች ናት፤ በአበባ ወራት በቀን ከ1000 በላይ እንቍላል ትጥላለች» አሉን።

ትንሿ ልጄም፥ «እንቍላል የምትጥል ከሆነች እናት ናት፤ ስለ ምን አውራ ትባላለች?» ብላ ጠየቀች። በታላቅ ሰው ፊት ደፈረች ብዬ ልገሥጻት ስል ሽማግሌው ከለከሉኝ። «የቀድሞ ሰዎች ገዥ ሁሉ ወንድ መስሏቸው ይሆናል እንዲህ የሰየሟት፤ ወንዱ ድንጉላ ግን ማር ስንኳ አይሠራም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ንብ ሳረባ ልጅዎ የጠየቀችውን አልጠየቅሁም» አሉ።

ወላጆች ሆይ፥ ዝም ላሰኛት የነበረችው ልጅ ሁለት ሽበታሞች አስተማረች፤ ከመገሠጻችሁ አስቀድሞ ስሙ።