ለአንባቢ፦ ስለ ራምስጌት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



የፈረንሳዩ ወደብ ዳንኬርክ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ትናንሾቹ ጀልባዎች ነው። እኔ የምጽፍልዎ ግን ብዙዎቹ ስለተነሡባት ስለ ራምስጌት ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ጠረፍ ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ግንቦት 1932 ዓ.ም. ነው፤ የእኛው ንጉሠ ነገሥት ገና በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት ላይ ናቸው። ጀርመኖች የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የቤልጅግን ጦር ዳንኬርክ ላይ ከባሕሩ ጋር አጣበቁት። አድሚራል በርትራም ራምሴ ዶቨር ሆነው በመሩት ዘመቻ፣ ከግንቦት 18 እስከ 27 ድረስ 338 ሺህ ያህል ወታደር ወደ እንግሊዝ ወጣ። አብዛኛውን ያሻገሩት ትልልቅ መርከቦች ናቸው። ጀልባዎቹ የተፈለጉት የባሕሩ ዳር ጥልቀት ስለሌለው መርከቦቹ መጠጋት ስላቃታቸው ነው።

ከራምስጌት ከተነሡት አንዷ ሰንዳውነር ናት። ባለቤቷ ቻርልስ ላይቶለር ከታይታኒክ መስጠም ከተረፉት መኮንኖች አንዱ ናቸው። ባሕር ኃይሉ ጀልባዋን ሲጠይቃቸው፣ ራሴ እወስዳታለሁ ብለው ከልጃቸውና ከአንድ ወጣት ስካውት ጋር ሄዱ። በ66 ዓመታቸው 130 ያህል ወታደር አጭቀው ተመለሱ።

ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ያ ሁሉ ሰው ከወረደ በኋላ የት ይሂድ? ወደቡ ላይ ሰው ከተከማቸ ተከታዩ መርከብ የሚያራግፍበት ያጣል፤ ማዶ ያለውም ወረፋ እዚያው ይቀራል። በራምስጌት በኩል ከ40 ሺህ በላይ ወታደር አለፈ፤ ከከተማዋ ነዋሪ ይበልጣል። ጭነው የወጡት 82 ልዩ ባቡሮች ነበሩ። ያካፍሉት፦ ለአንድ ባቡር 500 ሰው ገደማ ይደርሳል። በእኔ ግምት ዘመቻውን ካዳኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ፊልም ሠሪ ግን ስለ ባቡር ፉርጎ ምን ገዶት!

ሰው የት ይግባ የሚለውን ጥያቄ ራምስጌት ቀድማም አስባበታለች። ከንቲባው አርተር ኬምፕ ከመንግሥት ጋር ተሟግተው፣ በ1931 ዓ.ም. ከከተማዋ ሥር የመጠለያ ዋሻ ተከፍቶ ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 1932 የጀርመን አውሮፕላኖች ራምስጌትን ሲደበድቡ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ተጎዱ። የሞተው ሰው ግን ከጉዳቱ አንጻር ጥቂት ነበር፤ ብዙው ሕዝብ መሬት ውስጥ ነበርና።

መንገድ ቢጥልዎ ዋሻው ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ሰንዳውነርም እዚያው ከተማ አለች። ሰው ሁሉ ወደ ጀልባዋ ይሮጣል፤ እርስዎ ከዋሻው ይጀምሩ።

አክባሪዎ