ሞተር ብስክሌት በሰው አገር መንገድ

የዛሬው ንባባችን ስለ መንገድ ነው። «ያላወቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እሱስ እውነት ነው። ዛሬ ግን በንባብ ራቅ ብለን እንሂድ። ዓመቶቹን የጻፍነው በኛ አቆጣጠር ነው።

ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ1966 ዓ.ም. ከለንደን ከተማ በሞተር ብስክሌት ተነሣ። ዓለምን ሊዞር ነው። ብቻውን ነበር። 4 ዓመት ያህል ተጓዘ። 45 አገሮችን አየ። የነዳው መንገድ ወደ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ስንት ነው? ከሐረር ተነሥቶ አዲስ አበባ 100 ጊዜ ያህል ደርሶ እንደ መመለስ ነው።

ይህ ሰው በግብጽና በሱዳን አልፎ በመተማ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ጎንደርን አየ። አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያም በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ወጣ። ለኛ የአገራችን መንገድ ነው። ለሱ ግን የሰው አገር መንገድ ነበር።

በሰው አገር መንዳት ምኑ ያስቸግራል? ሞተር ብስክሌት ጣሪያ የለውም። ዝናቡም አቧራውም ነጂው ላይ ነው። ሁለት እግር ብቻ ስላለው አሸዋና ጠጠር ይጥለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የአገሩን ደንብ አለማወቅ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው ቀኙን ይዞ ነው። ዱሮ በግራ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተለወጠ። በኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ነው። ስለዚህ ሞያሌ ላይ ድንበር የሚሻገር ነጂ ጎኑን መለወጥ አለበት። ከረሳ ከፊቱ ከሚመጣው መኪና ጋር ይጋጫል።

ታዲያ የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ሰው መንገዱን እንዴት ያነባል? በምልክት ነው። በ1961 ዓ.ም. ብዙ አገሮች በቪየና ከተማ ተሰብስበው ስለ መንገድ ምልክቶች ስምምነት አደረጉ። ምልክቶቹ እንዲመሳሰሉ ነው። በብዙ አገር ዙሪያው ቀይ የሆነ ሦስት ማዕዘን «ከፊትህ አደጋ አለ፤ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ዙሪያው ቀይ የሆነ ክብ «ክልክል ነው» ይላል። ስምንት ጎን ያለው ቀይ ሰሌዳ «ቁም» ማለት ነው። የኛው ሰሌዳ ላይ «ቁም» የሚለው በፊደላችን ተጽፏል። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ሐረር እንመለስ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡንና በሮቹን ለማየት እንግዳ ከሩቅ ይመጣል። ከድሬዳዋ በደንገጎ የሚወጣው መንገድ ዳገት ነው፤ ይጠማዘዛል። እንግዳው ነጂ ከጥምዝማዙ ጀርባ አህያ ይኑር፣ ሕፃን ይኑር አያውቅም። በዚያ ሰዓት የሁለት ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው፤ የሱም፣ የእግረኛውም።

ስለሆነም እኛ እግረኞች ምን እናድርግ? ተሽከርካሪ ቀኙን ስለሚይዝ እኛ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዘን እንሂድ። ያን ጊዜ የሚመጣብንን ፊት ለፊት እናየዋለን። በጨለማ ስንሄድ ነጣ ያለ ልብስ እንልበስ ወይም ባትሪ እናብራ። ከብት ስንነዳ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይሁን። ጥምዝማዝ ላይ መንገድ አናቋርጥ።

ሞተር የሚነዳም ሆነ ከኋላ የሚፈናጠጥ ሄልሜት የሚባለውን ጠንካራ ቆብ ያጥልቅ። ማሰሪያውንም ይሰር። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ቆብ በሞተር አደጋ ከሚሞቱ 10 ሰዎች 4ቱን ያህል ሊያተርፍ ይችላል። «ቅርብ ነው የምሄደው» አይባልም። ጭንቅላት በቅርብ መንገድም ይሰበራል።

ቴድ ሳይመን በ1993 ዓ.ም. ያንኑ ጉዞ ደግሞ ጀመረ። ዕድሜው ወደ 70 ተጠግቶ ነበር። ዓለምን በሞተር የዞረው ይህ ሰው ኬንያ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። መንገድ ልምድ ያለውንም ይጥላል። የማይጠነቀቀውንማ እንዴት ይምረው?

የሳምንቱ ሥራ፦
1. ወደ ገበያ ስትሄዱ የምታዩትን የመንገድ ምልክት ቅርጽ በደብተራችሁ ሣሉ። የተጻፈበት ፊደል ካለ ገልብጡ።
2. በሠፈራችሁ አደገኛው የመንገድ ጥምዝ የቱ ነው? ለምን? ተወያዩበት።
3. ይህን ንባብ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ልጆችም ይስሙ።

ለሳምንት በደህና ያገናኘን።