ጥይት በወሬ አይመረጥም

እናንተ ልጆች ከጸባ ስትመለሱ «5.56 ፈጣን ናት፣ ሩቅ ትደርሳለች» እያላችሁ በማውዘራችን ትስቃላችሁ። እኔ አልቀበልም! የእናንተዋ አረር 4 ግራም ገደማ ናት፤ የ7.92ቱ ማውዘር ከ10 እስከ 13 ግራም። ቀላሏን ነፋስ ይገፋታል፣ በሩቅም ጉልበቷ ያልቃል። መድረስና መግደል ለየቅል ነው።

ክብደት ብቻውንም አይበቃም። ውጅግራ 25 ግራም እርሳስ ትተፋለች፤ ቀርፋፋ ስለሆነች ግን በሩቅ ትወድቃለች። (ጭሷማ አይነሳ!)

ጎንደር ከርከሮ የምንተኩሰው ለሥጋው አልነበረም፤ እሱ ለእኛ እርም ነው። ማሽላውን እንዳይጨርስብን ነው እንጂ። አንድ ጎረምሳ፣ ቅረብ ብንለው እንቢ ብሎ፣ ከማዶ በውጅግራ አቆሰለው። አውሬው ጫካ ገባ። በማግስቱ እንጨት ለቀማ የወጣችውን እህቴን ጭኗን ዘነጠላት። ይኸው እስከ ዛሬ ታነክሳለች፤ እናንተም «አክስቴ ምን ሆና ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አታውቁም።