የተቀባ ዝገት

ያገለገለ መኪና ገዝቶ ማሳደስ ነውር አይደለም። ነውሩ ዝገቱን ቀለም አልብሶ፣ ሚስትንና ልጆችን በላዩ አሳፍሮ፣ «እንዴት ያምራል!» እየተባሉ ወደ ገደል መንገድ መውጣት ነው። ስለዚህ ነገር ዝም ማለት እስከ ዛሬ እንደ ጨዋነት ተቈጥሯል። ጎረቤት መኪና በገዛ ጊዜ «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት እንጂ «ፍሬኑን አስመርምረኸዋልን?» ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ይመስላልና። እኔ ግን ምቀኛ መባሉን መርጫለሁ።

የምናገረው ስለ ምን ዓይነት መኪና እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። በአውሮፓ ቤተ ሰብ እየተጓዘ የሚያድርበት፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ከታወቀ ቈይቷል። የጀርመኑ ፎልክስቫገን ኩባንያ እንደ ሣጥን ያለውን መኪናውን በ1950 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሥራት ከጀመረ በኋላ፣ ብዙም ሳይዘገይ አልጋና ቁም ሣጥን እየተገጠመለት የመንገደኛ ማደሪያ ሆነ። በእኛ አገር ግን ይህን የሚመኝ አባት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው አሮጌ ሚኒባስ ነው። ወንበሩን ነቅሎ ፍራሽ ያነጥፍበታል፤ መጋረጃ ይሰቅልለታል፤ ከጣራው ላይ የዕቃ መጫኛ ያስበይድለታል። ምኞቱ መልካም ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጐርፈው ሕዝብ ማደሪያ እንደሚጠበው ያየ ሰው ይህን ምኞት አይነቅፈውም። ደግሞም እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ድንኳናቸውን፣ በሷቸውንና ቋንጣቸውን በበቅሎ ጭነው አገር ያቋርጡ ነበር። ነገር ግን በቅሎ ገዢ ግላሱን አስገፍፎ፣ ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን ሳያይ፣ አፏንም ከፍቶ ጥርሷን ሳይመረምር ብሩን ከመቀነቱ አይፈታም ነበር። ገጣባ በቅሎ ባማረ ግላስ ተሸፍና እንደምትቀርብ ያውቃልና። የዛሬው ልጁ ግን ግላሱን አይቶ ይገዛል።

ከልደታ ተነሥቶ በአብነትም ሆነ በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ ሱማሌ ተራ የሚዘልቅ ሰው፣ የመኪና እጅና እግር ተለያይቶ ሲሸጥ፣ የተለያየውም እንደ ገና ሲገጣጠም ያያል። በዚህ ሥራ ውስጥ እውነተኛ ባለ እጆች አሉ፤ እነሱን አልነካም። ነገሬ ከሌላው ጋር ነው። የዛገ ላሜራ ተቈርጦ ወጥቶ በአዲስ ላሜራ መበየድ ይገባዋል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፤ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ቀለም ይረጭበታል፤ በሁለት ቀን ውስጥ መኪናው ሙሽራ ይሆናል። ውሃው ግን ከውስጥ ሥራውን አያቋርጥም። ከአንድ ክረምት በኋላ ቀለሙ ያብጣል፤ ከዚያም ስቱኮው እንደ ቅርፊት ይወድቃል።

ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ትንሽ ማግኔት በኪስ ይዞ መሄድ ይበቃል፤ በላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ በተከመረበት ላይ አይጣበቅም። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን ማየት፣ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሻንሲውን በመፍቻ ጫፍ መታ መታ ማድረግ፣ በሊብሬው የተጻፈውን የሻንሲና የሞተር ቍጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሣ ዘንድ ማስገደድም ይገባል፤ ሻጩ ቀደም ብሎ አሙቆ የጠበቀህ እንደ ሆነ አንድ የሚሸሸገው ነገር አለ። ከኋላ ሰማያዊ ጢስ ቢወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ቈጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ የፍሬኑ መርገጫ ጎማ ግን ተበልቶ ካለቀ፣ ከሁለቱ መርገጫውን እመን። ቈጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተበላ ጎማ አይመለስም።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ቍጣውን ሁሉ በሻጩና በደላላው ላይ እንዲያፈስስ አልፈቅድለትም። ሻጭ ገንዘቡን የሚያወጣው ገዢ በሚያይበት ቦታ ነው። ገዢ ሁሉ መጥቶ አስቀድሞ ስለ ቀለሙ፣ ቀጥሎ ስለ ወንበሩ ልብስ፣ ከዚያም ስለ ሙዚቃው የሚጠይቅ ከሆነ፣ ፍሬን ያሳደሰው ሻጭ ከስሮ ይቀራል፤ ቀለም የቀባው ያተርፋል። በሁለተኛውም ዓመት የመጀመሪያው ሰው ቀለም ቀቢ ይሆናል። ሐሰተኛውን ሻጭ ወልዶ ያሳደገው እውነቱን መስማት የማይወድ ገዢ ነው።

ሕጉም ቢሆን ገዢን እንደ ሕፃን አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል፤ ጉድለቱን በተንኰል የሸፈነ ሻጭ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ውል ቢያስፈርም እንኳ ውሉ አያድነውም። ነገር ግን ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት፤ ጉድለቱን እያወቀ ወይም በከባድ ቸልተኛነት ሳያይ የገዛ ሰው መድኑን ያጣል። በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ «አታለሉኝ» እያለ የሚቆም ሰው፣ ዳኛው «አይተኸው ነበርን?» ብሎ ሲጠይቀው ምን እንደሚመልስ ቤቱ ሳለ ቢያስብበት ይሻለዋል።

ፍርድ ቤት የማይመልሰው ነገርም አለ። ወደ ግሸን የሚሄድ መኪና ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ የሚያረጅ ነገር ስለ ሆነ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል መለወጥ ይገባዋል። ሳይለወጥ የቈየ እንደ ሆነ በቍልቍለት ላይ ፍሬኑ ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃልና መርገጫው እስከ ወለል ድረስ ያለ ተቃውሞ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት የመጋረጃው ጥልፍ ምን ይረዳል? ከጣራ ላይ የተበየደው መጫኛም ተሞልቶ መኪናውን ከአናቱ አክብዶታል፤ በመጠምዘዣ ላይ የሚያዘነብለው ይኸው ነው። ልጆቹም ወንበሩ ተነቅሎ ስለ ነበረ በፍራሹ ላይ ያለ ቀበቶ ተኝተዋል። መኪና በቆመ ጊዜ ፍራሽ መልካም ነው፤ በሚሄድበት ጊዜ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ከጤነኛ ወለል ጋር በብሎን የታሰረ ወንበር ያስፈልገዋል። በስቱኮ በተደፈነ ወለል ላይ የታሰረ ብሎን አልታሰረም።

ከሰልን ሳልናገር አላልፍም። በደጋ ሌሊት ብርዱ ሲጸና የከሰል ምድጃ ወደ መኪናው አስገብተው መስኮት ዘግተው የሚተኙ አሉ። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አያስልም፤ እንቅልፍ ብቻ ያበዛል። ብርድ ልብስ ጨምር፤ ከሰሉን ግን ከውጭ ተወው።

«ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በአዲስ አበባ መኪና እያረጀ ሲሄድ እየተወደደ ሄደ። እኔ ግን ገንዘብ ጨምሩ አላልኩም፤ ቅደም ተከተሉን አዙሩት አልኩ እንጂ። ለቀለም የተሰበሰበው ለፍሬን ሸራና ለፍሬን ዘይት፣ ለወንበር ቆዳ የታሰበው ለጎማ፣ ለሙዚቃው የተቀመጠው ለብየዳው ይዋል። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ከሥሩ ግን ጤነኛ የሆነ መኪና ቁልቢ ደርሶ ይመለሳል። ሰፈሩ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ።

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ አሮጌ በሽታ ይመስለኛል፤ እርሱም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ በዚያው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ገባች። አውቶሞቢሉን በደስታ ተቀበልነው፤ አዋጁን ግን ገና አልጨረስነውም። አገር ለአገር የሚያመላልሰንን፣ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ ተሠርቶ የሚወጣውን አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» እንለዋለን፤ በቅጥቅጥ እየሄድን ቀጥቃጩን እንንቃለን። ከልደታ ብዙ ሳይርቅ ተግባረ ዕድ የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙ ራሱ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ወደዚያ የሚሄደውን ልጅ «ትምህርት አልሆነለትም» የሚል አባት፣ ነገ ልጆቹን በዚያው ልጅ ብየዳ ላይ አሳፍሮ ይነዳል። የተናቀ ሠራተኛ «ይህ ላሜራ መቈረጥ አለበት» ብሎ ባለ መኪናውን ለመቃወም ድፍረት ከየት ያገኛል? «ድፈነውና ቀባው» ሲባል ይደፍናል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አባትህ እንዲህ ያለ መኪና ለማሳደስ ያሰበ እንደ ሆነ አሮጌ ልብስ ለብሰህ ከመኪናው ሥር ግባ። ነውር የለውም። በያጁንም በስሙ ጠርተህ «ብየዳውን ስትጨርስ፣ ስቱኮ ሳይነካው በፊት ጥራኝ፤ ራቁቱን ማየት እፈልጋለሁ» በለው። መጀመሪያ ይገረማል፤ ምናልባትም እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ግን መዶሻውን አንሥቶ፣ ቀድሞ ሊያልፈው ያሰበውን አንድ የዛገ ማዕዘን ራሱ ያሳይሃል።